የብብታችንን ሳንጥል የቆጡን እናውርድ

(ከጋዜጠኝነት 2ኛ ዓመት ተማሪ)

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማያውቅ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በዲፓርትመንታችን ስለ ኮምፒውተር ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ቆጡ ነው። አዲሱ ዊንዶውስ፣ አዲሱ ስልክ፣ ሰሞኑን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ግን የብብቱን ነገር ነው። የዛሬ ሃያ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የተሠሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን ዛሬ ባለን ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ሁለተኛው ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። ብዙ ጓደኞቼ «ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጨዋታ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። የእኔ አቋም ተቃራኒው ነው። በአማርኛ ጽፎ ለሚኖር ሰው፣ በተለይም ለጋዜጠኛ፣ የድሮውን ሲስተም በአዲሱ ላይ ማስኬድ መቻል የራሱን ታሪክ ማንበብ የመቻልና ያለመቻል ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ነገሩ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማለት በማሽኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ቆሞ የሚያስተናግድ ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ የአፕሉ ማክ ኦኤስ ከዚህ ይመደባሉ። አንድ ፕሮግራም ፋይል መክፈት ወይም ማተም ሲፈልግ ሲስተሙን ይጠይቃል፣ ሲስተሙም ይፈጽምለታል። አዲሱ ሲስተም የድሮው ፕሮግራም በድሮው ቋንቋ የሚያቀርበውን ጥያቄ ተረድቶ ከመለሰለት፣ ባለሙያዎቹ «ባክዋርድ ኮምፓቲቢሊቲ» አለው ይላሉ። በእኛ አማርኛ ከድሮው ጋር መስማማት ብንለው የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ይህ መስማማት በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው በራሱ በማሽኑ በኩል ነው። ኢንቴል 8086 የተባለውን ፕሮሰሰር ያወጣው በ1978 ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ዘሮቹ የአባታቸውን ቋንቋ ሳይረሱ አዲስ እየጨመሩ ኖረዋል። ዛሬ በየጠረጴዛችን ላይ ያለው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ኮምፒውተር ሲበራ በመጀመሪያ የሚነቃው ልክ እንደዚያ እንደ 1978ቱ ባለ16 ቢት ማሽን ሆኖ ነው፤ ወደ ዘመናዊው ባለ64 ቢት አሠራር የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንቴል ይህን የድሮ አሠራር ከፕሮሰሰሩ ላይ ለመንቀል በ2023 ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በ2024 መጨረሻ ግን ሐሳቡን ትቶታል። የድሮውን መንቀል የሚወራውን ያህል ቀላል አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው መንገድ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል ያለው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ፍሪቢኤስዲ የተባለው ነጻ ሲስተም ነው። የዚህ ሲስተም 4ኛ ቅጂ የወጣው በመጋቢት 2000 ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ከርነሎች (ከርነል ማለት የሲስተሙ እምብርት ነው) ለ4ኛው ቅጂ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ የተለየ በር ይዘው ቆይተዋል። ስለዚህ አንድ ሰው የድሮውን ቅጂ ፋይሎች በሙሉ «ጄይል» በሚባል የተከለለ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ በአዲሱ ከርነል ላይ ሊያስኬዳቸው ይችላል። ኩሽናው አዲስ፣ ሳሎኑ ግን ከነሶፋው የድሮ ነው እንደ ማለት ነው። ሳሎን የተቀመጡት እንግዶች ኩሽናው መቀየሩን አያውቁም፤ ቡናቸው በወጉ እስከመጣ ድረስ ምን ቸገራቸው?

ሦስተኛው መንገድ ማስመሰል ነው። ኢሙሌተር ወይም ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ በሐሳብ ብቻ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ይፈጥራል። በውስጡ የሚገባው ዊንዶውስ 98 ከእውነተኛ ማሽን ላይ የተጫነ ይመስለዋል። ዶስቦክስ በ2002፣ ኪውኤምዩ በ2003 የወጡ ሲሆን ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። አቅም ይበቃል ወይ ለሚል፣ ዊንዶውስ 98 ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ ሚሞሪ 16 ሜጋባይት ነበር። ዛሬ ደካማ የምንለው ባለ4 ጊጋባይት ላፕቶፕ የዚያን 256 እጥፍ ይዟል።

ሸክሙ የማን ነው?

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ከድሮው ጋር መስማማት የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል። በእኔ አስተያየት ግን የቃል ኪዳን ጥያቄ ነው። ነገር ሲለወጥ የግድ የሚሸከመው ሰው አለ። የለወጠው ይሸከመው ወይስ የድሮውን አምኖ ሥራውን የሠራበት?

አይቢኤም በሚያዝያ 1964 ሲስተም/360 የተባሉትን ትልልቅ ኮምፒውተሮች ሲያስተዋውቅ፣ በአንዱ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይም እንዲሠራ አድርጎ ነበር። የዛሬዎቹ የአይቢኤም ሜይንፍሬሞች ያንን ዘር ይዘው ቀጥለዋል፤ በዚያ ዘመን የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም ሊሠራባቸው ይችላል። ማሽኑን ለውጦ ለደንበኛው «ሥራህን እንደገና ጻፍ» አላለውም ማለት ነው።

የማይክሮሶፍት ታሪክ ደግሞ ያስቃል። ጆኤል ስፖልስኪ የተባለው የሶፍትዌር ባለሙያ በ2004 እንደጻፈው፣ ሲምሲቲ የተባለው ጨዋታ ስህተት ነበረበት። ለሲስተሙ «ጨርሻለሁ» ብሎ የመለሰውን ሚሞሪ መልሶ ያነበው ነበር። በድሮው ሲስተም ይህ ችግር አላመጣም። ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ግን ጨዋታው የሚበላሽ ሆነ። ታዲያ ማይክሮሶፍቶች ምን አደረጉ? ጥፋቱ የእነሱ ሳይሆን፣ ሲምሲቲ እየሄደ መሆኑን የሚያውቅ የተለየ ኮድ በራሳቸው ሲስተም ውስጥ ጨመሩለት። ምክንያቱም ጨዋታውን የገዛው ሰው አዲሱን ዊንዶውስ ጭኖ ጨዋታው እምቢ ሲለው የሚረግመው ዊንዶውስን ነው።

የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ከዚህ የማይተናነስ ጥብቅ ደንብ አለው። ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ከርነሉ ስለተለወጠ መሥራት ካቆመ ጥፋቱ የከርነሉ ነው እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ማስተካከልም ያለበት የከርነሉ ሰው ነው። ይህን ደንብ የተላለፉ ባልደረቦቹን በአደባባይ ሲቆጣ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

አፕል ግን ሌላ መንገድ መርጧል። በ2007 የወጣው ማክ ኦኤስ ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ይዞት የነበረውን ክፍል ዘጋ፤ በ2011 ለቀድሞው ፕሮሰሰር የተጻፉትን ተሰናበተ፤ በ2019 ደግሞ ባለ32 ቢት ፕሮግራሞችን በሙሉ ከደጅ መለሰ። በዚህም ሲስተሙ ቀለል ብሎለታል፤ ይህን አልክድም። ሸክሙ ግን ጠፍቶ አይደለም፤ ከድርጅቱ ትከሻ ወርዶ የተጠቃሚው ጀርባ ላይ ተቀመጠ እንጂ።

ወደ ቤታችን ስንገባ

እስኪ አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። በ1992 የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን መፍላታቸውን መምህራኖቻችን በየክፍሉ ነግረውናል። ያ ዘመን ጽሁፍ በኮምፒውተር የሚለቀምበት ዘመን ነበር። ችግሩ ያን ጊዜ ለግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ ቁጥር አልነበረውም። አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ በራሱ ዘዴ ተጠቀመ። አንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አድርጎ አጋጠመው። ፓወር ግዕዝ ሌላ፣ ቪዥዋል ግዕዝ ሌላ ሆነ። በአንደኛው ፎንት «ሀ» የነበረው ቁጥር በሌላው «ጠ» ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን አማርኛ መሆኑን ጭራሽ አያውቅም፤ የላቲን ፊደል ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፣ ግዕዝ አስመስሎ የሚሥለው ፎንቱ ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ፊደላችንን ያስገባው በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ነው። ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የተሸጠው ደግሞ በጥር 2007 ነው። እንግዲህ ከ1992 እስከ 2007 ቁጠሩት፤ 15 ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት አለ፣ የ2005 ምርጫ አለ፣ ከዚያ በኋላ የተዘጉ ብዙ ጋዜጦች አሉ። የዚያ ዘመን ረቂቅ፣ ያልታተመ ቃለ ምልልስ፣ በአርታኢ የተቆረጠ አንቀጽ፣ ይህ ሁሉ የተቀመጠው በዚያ ዓይነት ፋይል ነው። የታተመው ወረቀት በቤተ መጻሕፍት ሊገኝ ይችላል። ያልታተመው ግን ከፋይሉ በቀር ሌላ ቦታ የለውም።

ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ የቤት ሥራ ስሙን ወደማልጠቅሰው አሳታሚ ቤት ሄጄ ከ1990ዎቹ የቆየ ፋይል ለምኜ ነበር። ተገኘልኝ። ስከፍተው ግን ገጹ ሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ሆነ። እዚያ ለብዙ ዓመት ሌይአውት የሠሩት ጋሼ አይተው ብዙም አልገረማቸው። «ፎንቱ ከድሮው ኮምፒውተር ጋር ሄዷል ልጄ፤ ወረቀቱ ካለ ከወረቀቱ እንደገና ይለቀማል» አሉኝ። ወረቀቱ ከሌለስ? ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ የሚገርመው ነገር፣ የጠፋው ጽሁፉ አለመሆኑ ነው። ጽሁፉ አለ። የጠፋው በአንድ ፍሎፒ የሚያዝ ትንሽ ፎንት ነው። ያ ፎንት ቢገኝ የዛሬው ዊንዶውስም የ1990ዎቹን ትሩታይፕ ፎንት ተቀብሎ ያሳየዋል፤ ማይክሮሶፍት ያንን በር አልዘጋውም። ሌሎቹ በሮች ግን ተዘግተዋል። ለዊንዶውስ 3.1 የተጻፈ ባለ16 ቢት ፕሮግራም፣ የአማርኛ መጻፊያም ይሁን ሌላ፣ በባለ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሄድም። እስከ ዊንዶውስ 10 ድረስ ባለ32 ቢት ቅጂ ስለነበር ማምለጫ ነበረ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ባለ64 ቢት ብቻ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ጋዜጦቻችን ይጠቀሙበት የነበረው ፔጅሜከር የመጨረሻ ቅጂው የወጣው በ2001 ሲሆን አዲሶቹ የኢንዲዛይን ቅጂዎች ፋይሉን አይከፍቱትም። በአጭሩ ያንን ፋይል ከነመልኩ ለማየት የድሮውን ሲስተም፣ የድሮውን ፕሮግራምና የድሮውን ፎንት አንድ ላይ ማስነሳት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው ነገሩ ጨዋታ አይደለም ያልኩት።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1086 የተጻፈውን ዱምስዴይ መጽሐፍ 900ኛ ዓመት ለማክበር ቢቢሲ በ1986 የአገሩን ኑሮ በሌዘር ዲስክ አስቀርጾ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ዲስኩን የሚያነበው መሣሪያ ብርቅ ሆነ። በመጨረሻ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 ኢሙሌተር ሠርተው አስነሱት። የ1086ቱ ብራና ግን ያን ጊዜም ዛሬም ይነበባል። በእኛም አገር በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተጻፉ ናቸው። የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ፊደሉን ይለየዋል። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየው እየተነበበ የሠላሳ ዓመቱ አልነበብ ካለ፣ የሚያሳፍረው ማንን ነው?

«ወደ ዩኒኮድ ገልብጦ መገላገል ነው» ለሚሉ

ይህን ጉዳይ ሳነሳ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ መልስ ይህ ነው። መገልበጫ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጥሩም ይሠራሉ። ለፍለጋና ለዳግም ኅትመት መገልበጡ የግድ ነው፣ በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር አይርሳ። አንደኛ፣ ለመገልበጥ በመጀመሪያ ፋይሉ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅና ውጤቱን ከዋናው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ዋናውን ሳያዩ ምንን ከምን ያመሳክሯል? ሁለተኛ፣ ለጋዜጠኛ ዋናው ቅጂ ማስረጃ ነው። የተገለበጠ ጽሁፍ የገልባጩ እጅ ያለበት ነው። ርእሱ በምን ያህል ፊደል እንደወጣ፣ ፎቶው የት እንደነበረ፣ የትኛው ዜና ከየትኛው በላይ እንደተቀመጠ፣ ይህ ሁሉ በአርታኢው የተወሰነ ውሳኔ ነው። ግልባጩ ቃሉን ያመጣ ይሆናል፤ ገጹን ግን አያመጣም።

አደጋውም አይካድም

የአሮጌ ነገር ፍቅር ብቻውን አደጋ አለው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ጭምር ሲያሽመደምድ የገባበት ቀዳዳ ኤስኤምቢ 1 የሚባለው የፋይል መለዋወጫ አሠራር ውስጥ ነበር። ይህ አሠራር ሥሩ ከ1980ዎቹ የሚመዘዝ ሲሆን፣ የድሮ ዕቃዎች እንዳይቸገሩ ተብሎ በአዳዲሶቹ ሲስተሞችም ላይ እንደበራ ቆይቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2014 ላቆመው ለዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ ከወግ ውጪ መጠገኛ ለማውጣት ተገዷል። ስለዚህ «የድሮው ይኑር» የሚል ሰው «የት ይኑር?» ለሚለውም መልስ ሊኖረው ይገባል።

የእኔ መልስ በተከለለ ክፍል ውስጥ ይኑር የሚል ነው። ከላይ ያነሳሁት ሦስተኛው መንገድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ያለ ዊንዶውስ 98 የኔትወርክ ገመዱ ከተነቀለ ማንንም አይጎዳም፤ ቢበላሽ እንኳ የተቀመጠው ቅጂ ይመለሳል። አሮጌውን ኮምፒውተር ከነአቧራው ኢንተርኔት ላይ ከመሰካት ይህ በብዙ እጅ ይሻላል።

ምን ይደረግ?

ተማሪ ነኝና ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላነሳም። ዲፓርትመንታችን ሊያደርጋቸው ይችላል የምላቸው ጥቂት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ከላቦራቶሪያችን ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ፣ ከኔትወርክ የተለየ፣ የድሮ ዊንዶውስና የድሮ የኅትመት ፕሮግራም የያዘ ቨርቹዋል ማሽን ይዘጋጅ። ፈቃዱም በሕጋዊ መንገድ ይያዝ፤ በየመጋዘኑ ከአሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር የተቀመጡ የተገዙ ሲዲዎች አይጠፉም።

ሁለተኛ፣ የግዕዝ ፎንቶች ከነመጻፊያ ፕሮግራማቸው ይሰብሰቡ። የቀድሞ ሌይአውት ሠሪዎች በየቤታቸው ፍሎፒና ሲዲ አላቸው። ፍሎፒ ደግሞ ማግኔት ነውና በየዓመቱ እየደከመ ይሄዳል። ይህ ሥራ ለከርሞ የሚባል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከአሁን በኋላ ማንኛችንም የመመረቂያ ጽሁፍም ሆነ የዚህን ቡለቲን ፋይል ስናስቀምጥ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ፣ ከፎንቱ ጋርና ከፒዲኤፍ ቅጂው ጋር ይሁን። የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሚመጣው የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የእኛን ሸክም አይሸከም።

አንዳንድ ሰው «ማን ያነበዋል ብለህ ነው?» ይል ይሆናል። ሊነስ ቶርቫልድስም ሆነ የዊንዶውስ 95 መሐንዲሶች ያንን ጨዋታ ወይም ያንን ፕሮግራም ማን እንደሚያስኬደው በስም አላወቁም። አንድ ሰው አምኖን ሥራውን እዚህ ላይ አስቀምጧል ብለው ብቻ በሩን ክፍት ተዉለት። የአማርኛ ጋዜጠኞች ለ15 ዓመት ሥራቸውን ያስቀመጡበትን በር ግን ክፍት አድርጎ የሚጠብቅ ትልቅ ድርጅት የለም። የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ ማሽኖቹ ተለውጠዋል፤ ሸክሙም ዞሮ ዞሮ እኛ ዘንድ ደርሷል።

አዲሱን አንውደድ አላልኩም፤ የቆጡንም እናውርድ። ነገር ግን እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት ብብታችን ውስጥ ያለውን አንድ ቦታ እናስቀምጠው። በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንወያይበት። ቤቱ የድሮ ፍሎፒ ያለው መምህር ወይም ተማሪም ካለ ከወዲሁ ይፈልገው። ቸር ያሰንብተን።